«ይገባዋል» ወይስ «ነፍስ ይማር»?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምናካፍላችሁ ነገር የተጀመረው በጨዋታ ነው። ለዕረፍት ከየዩኒቨርሲቲያችን ወደ ቢቸና በተመለስንበት ሰሞን፣ ከመዝሙር ጥናት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለ አንድ በሥዕል ስለሚነገር የውጭ አገር ተረት እንጫወት ነበር። በተረቱ ውስጥ ንጉሡን የከዳ አንድ ወታደር በአደባባይ አንገቱ ይቀላል፤ ነፍሱም ወደ ሌላ ዓለም ተሻግራ በሚዛን ፊት ትቆማለች። ሁላችንም ታሪኩን ስለምንወደው ክርክሩ ጦፈ። ከፊላችን «ቅጣቱን በሞቱ ከፍሏል፤ ሞቱ ኃጢአቱን አጥቦለታልና ወደ ዕረፍት ይግባ» አልን። ከፊላችን ደግሞ «ከዳተኛ ነው፤ ይገባዋል! እዚያም ይቃጠል» አልን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልጻፍነው ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አወጣና ተረት ያልሆነ ነገር አሳየን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ውጊያ ከእጅ ወደ እጅ ከዞሩት ምስሎች አንዱ ነበረ፤ እጁ የታሰረ ሰው ሲገደል ያሳያል። ገና ከክርክሩ ሙቀት አልወጣንም ነበርና «ይህም ይገባዋል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የተናገረው ማን እንደ ሆነ አንጽፍም፤ የተናገረው አንድ ቢሆንም ዝም ያልነው ሁላችንም ነንና።

ጥቂት ራቅ ብለው ዳዊታቸውን ይደግሙ የነበሩት መምህራችን ቀና አሉ። «ልጆቼ፣ የፊተኛውን ሰው ማን ፈጠረው?» ብለው ጠየቁን።

«ደራሲው ነው፣ የኔታ» አልናቸው።

«እንግዲያስ ነፍሱን የት እንደሚያደርሳት ደራሲው ይወቅ። የኋለኛውንስ ማን ፈጠረው?»

መልስ አልሰጠንም። እርሳቸውም ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ሰነበትን።

ወገኖቻችን ሆይ፣ በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የተረት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የቢቸና ልጅ ሆኖ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ነገር ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? በላይ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጫካ ገብቶ በምሥራቅ ጎጃምና በዙሪያው ተዋጋ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ የቢቸና ገዥ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ከመንግሥት ጋር ስለ ተጣላ ጦር ተላከበት፤ በሶማ ተራራ ላይ ተዋግቶ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ቢለወጥለትም ከእስር ቤት አመለጠ፤ ተይዞም በጥር 1937 ዓ.ም. ከወንድሙ ከእጅጉ ዘለቀ ጋር በአዲስ አበባ ተሰቀለ። አብረው ከተሰቀሉት መካከል በጠላት ዘመን ለጣሊያን ያደረ ሰውም ነበረበት። እንግዲህ አርበኛውም ባንዳ የተባለውም የሞቱት በአንድ ዓይነት ሞት ነው።

ዛሬ በዚያው በአዲስ አበባ በበላይ ዘለቀ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። አንድ ከተማ ለአንድ ሰው በመጀመሪያ ገመድ አዘጋጀለት፤ በኋላ መንገድ ሰየመለት። የሰው ፍርድ እንደዚህ ነው። የቀድሞው ፍርድ ልክ ነበር ወይስ የኋለኛው እያልን በታሪክ ልንከራከር እንችላለን፤ መከራከርም መልካም ነው። ነገር ግን ገመዱ የበላይን ነፍስ ወደ ሲኦል አላወረዳትም፤ የመንገዱም ስም ወደ ገነት አያወጣትም። ያ ፍርድ ከገመዱ ወዲያ ባለው ዙፋን ፊት የሚሰጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረን ነፍስ ከሥጋ በተለየች ጊዜ እንደ ሥራዋ በገነት ወይም በሲኦል ትቆያለች፤ በትንሣኤ ዘጉባኤ ሥጋና ነፍስ ተዋሕደው ከተነሡ በኋላ ደግሞ ወደ መንግሥተ ሰማያት ወይም ወደ ገሃነመ እሳት የሚሆነው የመጨረሻው ፍርድ ይሰጣል። ዳኛው ክርስቶስ ነው። ይህ ዳኛ ደግሞ የሞት ፍርድ ምን እንደ ሆነ ከሩቅ የሚያውቅ አይደለም። እርሱ ራሱ ታስሮ በጲላጦስ አደባባይ ቆሟል፤ ሕዝቡም «ይሰቀል» እያለ ሲጮኽበት ሰምቷል። ከዛፉ ሥር የተሰማው የእኛ ድምፅ ከየትኛው ወገን ድምፅ ጋር እንደሚመሳሰል እስቲ እናስብ!

ክርክራችንን የሚፈታልን በቀራንዮ የሆነው ነገር ነው። በጌታ ቀኝና ግራ ሁለት ወንበዴዎች ተሰቅለው ነበር (ሉቃ. 23፥39–43)። ወንጀላቸውም፣ ፍርዳቸውም፣ ሞታቸውም አንድ ነው። የቀኙ ግን ጥፋቱን አምኖ ጌታን በመንግሥቱ እንዲያስበው ለመነ፤ በዚያችው ቀን ገነትን ተሰጠው። አባቶቻችን ከአዳም አስቀድሞ ገነት የገባ ይሉታል። የግራው እየተሳደበ ሞተ። እንግዲህ «ሞቱ ኃጢአቱን አጥቦለታል» ያልነው ተሳስተናል፤ መሞት ብቻውን የሚያጥብ ቢሆን ኖሮ የግራውንም ባጠበው ነበር። «እዚያም ይቃጠል» ያልነው ደግሞ ይልቁን ተሳስተናል፤ የተፈረደበት ሁሉ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ የቀኙ ገነትን ባላየ ነበር። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ከመስቀሉ ሥር ቆሞ ይመለከት የነበረው ሕዝብ አላወቀም። ያወቀው በመካከል የተሰቀለው ብቻ ነው።

ስለሚመለከቱ ሰዎች ካነሣን ሳውልን እናስታውስ። ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ሳውል አንድ ድንጋይ እንኳ እንደ ወረወረ አልተጻፈም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር፤ በሞቱም ተስማምቶ ነበር (ሐዋ. 7፥58፤ 8፥1)። እኛም በዚያ ቀን ድንጋይ አልወረወርንም፤ ስልክ ይዘን ተመለከትን እንጂ። ነገር ግን እስጢፋኖስ ሲሞት ለገዳዮቹ ምሕረትን ለመነ። ያ የልብስ ጠባቂ በኋላ ጳውሎስ ሆነ፤ እርሱም በተራው በሮሜ በሰይፍ ተሰየፈ። በዚያን ሰዓት ስለ ሳውል ነፍስ ፍረዱ ብንባል ምን እንፈርድ ነበር?

ይህን ስንል ነፍስ መግደል ቀላል ነገር ነው፣ በዳይም አይጠየቅ ማለታችን አይደለም። በዳይ በሕግ ይጠየቅ፤ የተበደለም ይካስ። ነገር ግን በዳይን መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ሞት መደሰትና ነፍሱን ወደ ሲኦል መስደድ ሌላ ነው። የፊተኛው የዳኛ ሥራ ነው፤ የኋለኛው ለማንም ሰው አልተሰጠም።

ታዲያ ለእኛ ምን ተሰጠን? አያቶቻችን ስለ ሞተ ሰው ሲያነሡ «ነፍሱን ይማረውና» ብለው ነው የሚጀምሩት። ይህችን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማት ልማድ ብቻ ትመስለን ነበር። አሁን ስናስተውላት ግን ትልቅ ትምህርት ሆና አገኘናት። «ጻድቅ ነው» አትልም፤ «ኃጥእ ነው» አትልም፤ ፍርዱን ለባለቤቱ ትታ ምሕረትን ትለምናለች። ጸሎተ ፍትሐቱም፣ አርባውና ሰማንያውም፣ ሙት ዓመቱም የዚህችው ልመና ተከታዮች ናቸው።

ለዚህም ከጎጃም አንድ ምስክር እንጥራ። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነበሩ። ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ለስንት ሙታን ፍትሐት ያደረሱ አባት እርሳቸው ያለ ፍትሐት በስውር ተቀበሩ። ቤተ ክርስቲያን ግን ዓመታት አልፈዋል ብላ አልተወቻቸውም፤ አፅማቸው ከተገኘ በኋላ በ1984 ዓ.ም. በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በጸሎት አሳረፈችው። ገዳይ የሞቱን ቀንና የመቃብሩን ስፍራ ሊወስን ይችል ይሆናል፤ ጸሎትን ግን ሊከለክል አይችልም።

እኛም በማግሥቱ ሰንበት ወደ መምህራችን ቀርበን «የኔታ፣ ያን በስልክ ያየነውን ሰው እንዴት እናስበው? የክርስትና ስሙን አናውቀውም፤ የማን ወገን እንደ ሆነም በእርግጥ አናውቅም» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «ስሙን የሚያውቀው አለ፤ እናንተ ተነሡና ለምኑ» አሉን። ምስሉን ከስልኮቻችን አጠፋን። ቆመንም «ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህን፣ ገዳዮቹንም፣ የተመለከትነውንም እኛን ማረን» ብለን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። «ይገባዋል» ያለው ወንድማችንም አብሮን ቆሞ ነበር።

እናንተም ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን የመሰለ ምስል በእጃችሁ ሲገባ ለሌላ አታስተላልፉት። ከአፋችሁ አስቀድማ የምትወጣውም ቃል የአያቶቻችን ቃል ትሁን፦ ነፍስ ይማር። ነገ ለእያንዳንዳችን እንድትባልልን የምንሻት ቃል እርሷ ናትና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።