ቪዛውም መጽሐፉም ይመታል

ፎርሙ ዲኤስ 160 ይባላል። በ2006 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ባሕር ዳር ላይ ሦስት ማታ ሞላሁት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይነኩት ከቆዩ ያስወጣል፤ በዚያ ላይ መብራት ይሄዳል። የሞላሁት አራት ነው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የባለቤቴ፣ ሁለቱ የልጆቼ ነበሩ። መጨረሻው ላይ የሰጡት መልስ ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጠው ቁልፉን እንዲነኩ ይጠይቃል። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄም የነካሁላት እኔ ነኝ።

እጄ ላይ ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩ። አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ወጪውን የሚሸፍንልኝ የዶክትሬት ዕድል፤ ቪዛው ጄ 1። ሌላው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ረዳት አድርጎ የሚከፍለኝ፤ ቪዛው ኤፍ 1። በሁለቱም የምማረው ያው የአፈር ሳይንስ ነው። ለልጆቼም ለውጥ የለውም፤ በየትኛውም ቢሆን የእኔ ጥገኛ ሆነው ገብተው የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ይማራሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በጄ 1 ባለቤቴ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ በኤፍ 1 አይችልም። በምትኩ የመንግሥት ገንዘብ ያለበት ጄ 1 ገመድ አለው፦ ትምህርቱ ሲያልቅ በድምሩ ሁለት ዓመት አገር ቤት ሳይኖሩ ግሪን ካርድም ሆነ እንደ ኤች ያለ የሥራ ቪዛ አይታሰብም። ከግዴታው ነጻ የሚወጣበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው። ገመዱ ደግሞ ባልንም ልጆችንም አብሮ ያስራል።

እውነቱን ልናገር፤ የምሄደው ለአፈር አልነበረም። ልጄ ሰባ ሁለት ልጆች በሚማሩበት ክፍል አራት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ መምህሯ ስሟን አያውቅም ነበር። መምህሩን አልወቅሰውም፤ እኔም የማስተምራቸውን ሁሉ በስም አላውቅም። ፎርሙ ግን የጉዞዬን ዓላማ ሲጠይቅ መልሱን ራሱ ደርድሮ ነው የሚያቀርበው፤ «ለልጄ» የሚል የለበትም። «ለትምህርት» የሚል አለ፤ የማን ትምህርት እንደሆነ አልተጠየቅኩም።

ከሕጉ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ የባሰ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የስደትና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 214 ቪዛ ጠያቂን ሁሉ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር የሚሄድ ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚያው አገር ሌባ እንኳ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው። እንዲያስረዳ የሚጠየቀው ደግሞ የልቡን ነገር ነው፦ የመመለስ ሐሳብ አለህ ወይ? በእኛ ቋንቋ ፈቃድ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው፤ ባለሥልጣን የሚሰጠው ወረቀትም ሰው በልቡ የሚወደውም ያው ፈቃድ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ፈቃዴን ተጠየቅኩ፤ ፈቃዴን ግን ፈልጌ አጣሁት። ሰኞ እመለሳለሁ፣ ሐሙስ እቀራለሁ። የቱን ቀን ልናገር?

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እኛም ልጆቻቸው እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ወላጆቻቸው ተኝተው ሳሉ ደበሎና አኩፋዳ ይዘው ለትምህርት ጠፍተዋል። ቅኔ በዋሸራና በዋድላ፣ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም እያሉ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይተው ነው እናታቸውን ያዩት። በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ደጅ ሲቆሙ ውሻ ነክሷቸዋል፤ እግራቸው ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። «ከየት መጣህ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ባለቤት የለም ይላሉ፤ «መቼ ትመለሳለህ?» ያለኝ ግን አንድም አልነበረም።

እሳቸው ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት።

«መሐላ አለበት?» አሉኝ።

«የለም የኔታ፤ ቁልፍ ብቻ ነው የምነካው።»

«መጽሐፍ ሲመታስ በምንድን ነው? በእጅ አይደለም?»

ዝም አልኩ። መጽሐፍ መትቶ የማለን ሰው አገሩ ሁሉ ይፈራዋል። ቪዛ ሲገኝም «ተመታ» ነው የምንለው፤ እልል እየተባለ።

«ትመለሻለሽ ወይ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ አላውቅም በያቸዋ።»

«አላውቅም የሚል ቦታ የለውም፣ የኔታ።»

ጥቂት ቆይተው የነገሩኝን እስካሁን አመላልሰዋለሁ። ለታቦት ጥላ የተሳለ ሰው በዓሉ ሲደርስ ልቡን አይመረምርም አሉ፤ ጥላውን ይዞ ይመጣል። በዚያ ቀን ልቡ ምን እንደሚል የሚጠይቀውም የለም።

ወንጌል ከናካቴው አትማሉ እንደሚል እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ይህንን አንስቼ አልተከራከርኳቸውም። የተረዳሁት ግን ይህን ነው፦ ሐሳብ ውስጤ ተቀብሮ ቆፍሬ የማወጣው ነገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንዳንዱ ሐሳብ የሚታሰር ነው። ልቤን ስለማላምነው እውነተኛ መልስ ልሰጥ የምችለው ልቤን የሚያስር ቪዛ ከመረጥኩ ብቻ ነው። ገመዱ ከጉድለት ወደ ጥቅም ተለወጠልኝ።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ይህን ስትሰማ ሳቀች። የእሷ ምክር አጭር ነበር፦ ልጅቱን በጉብኝት ቪዛ አምጧት፤ ከገባች በኋላ ትምህርት ቤት ወረቀት አይጠይቅም። አይጠይቅም፤ ልክ ነች። በ1982 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴክሳስ በመጣ ጉዳይ፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ወረቀት የሌለውን ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ማስቀረት አይቻልም ብሎ ወስኗል። ልጅ በወላጁ ጥፋት አይቀጣም ነው ነገሩ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ በራሱ ስም ኤፍ 1 ጠይቆ፣ ለትምህርት መጣሁ ብሎ የሚገባውን ልጅ የመንግሥት አንደኛ ደረጃን ይከለክለዋል፤ ሁለተኛ ደረጃም ቢሆን ከ12 ወር አያልፍም፣ ሙሉ ወጪውንም ከፍሎ። ዓላማውን የተናገረው ይከፍላል፣ ዝም ያለው በነጻ ይማራል። ብዙ ዘመዶቻችን በዚያ በር ገብተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ምሕረት እንደሚደረግ አስቀድሞ አስልቶ መበደል ግን የኔታ ንስሐ ሲያስተምሩን አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ነገር ነው።

በእነዚያ ቀናት ከአእምሮዬ የማይወጣው አብርሃም ነበር። ስለ ልቡ ጥራት አይደለም፤ ድንበር ላይ ስላደረገው ነገር ነው። ረሀብ ሆኖ ወደ ግብፅ ሲወርድ ሣራን እህቱ ነኝ በዪ አላት። በኋላ ለአቢሜሌክ ሲያስረዳ በአባት እህቴ ናት አለ፤ ስለዚህ ግማሹ እውነት ነው፣ እንደ እኔ «ለትምህርት»። ፎርሙን የሞላው እሱ፣ ፈርዖን ቤት የተወሰደችው እሷ። በጎችና ግመሎች የተሰጡት ደግሞ ለእሱ።

ውሸቱን ትቼ ቃሌን አስራለሁ ስል ዮፍታሔ መጣብኝ። እሱ አልዋሸም፤ ተሳለ፣ ስእለቱንም አደረሰ። ከበሮ ይዛ የተቀበለችው አንድ ልጁ ናት የከፈለችው፤ የለመነችው ሁለት ወር ብቻ ነበር። እዚህ ላይ የኔታ የነገሩኝ ጥላ አልበቃኝም። ጥላ የተሳለ ሰው የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው።

ይህን እያወቅኩ ጄ 1ን መረጥኩ። እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቃለ መጠይቁ ሦስት ደቂቃ አልሞላም፤ ጠያቂው ስትጨርሺ ምን ታደርጊያለሽ ሲለኝ እመለሳለሁ አልኩት፣ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ አራት ዓመት ኖርን። ልጄ ቢጫ አውቶቡስ በር ላይ ስሟን የሚጠራት ሹፌር አገኘች። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስንመለስ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ገብታ ሚኒስትሪ ተፈተነች፤ በአማርኛ ሀሁ የምታነበው እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ክፍሏ ውስጥ ደግሞ ስልሳ ስምንት ነበሩ። አንድ ማታ የቤት ሥራዋን እየሠራች ቀና ሳትል «እማዬ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። መልስ አልነበረኝም፤ የእሷን ፎርም የሞላሁባትን ማታ አስታወስኩ።

ሁለቱን ዓመት ጨርሰናል፤ ገመዱ ተፈትቷል፤ አልሄድንም። ዳግመኛ ብመርጥ ያንኑ ቪዛ እመርጣለሁ፤ ቁልፉን ከመንካቴ በፊት ግን ልጄን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ እጠይቃታለሁ።