በሌሊት የተያዘ ዓሣ

ሰው ኀጢአት ለመሥራት ከሚያወጣው ብልሃት ይልቅ፣ ከሠራው በኋላ ምክንያት ለማግኘት የሚያወጣው ብልሃት ይበልጣል። ሰርቆ «ሰረቅሁ» የሚል ጥቂት ነው፤ «ድርሻዬን ወሰድሁ»፣ «ከሞላው ላይ ቢጎድል ማን ይጎዳል?» የሚል ግን ብዙ ነው። ከምክንያትም ሁሉ አደገኛው እውነት የተቀላቀለበት ነው፤ ፈጽሞ ሐሰት የሆነውንማ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን አንድ ምክንያት መርምረን እንድናይ፣ እኔው ራሴ የተካፈልሁበትን የአንድ ሌሊት ነገር ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለትምህርት በእንግሊዝ አገር ሳለሁ፣ በእኛ ክረምት የሚሆነውን የበጋቸውን ዕረፍት በደቡብ በኩል ባለች በአንዲት ትንሽ መንደር አሳለፍሁ። መንደሪቱን የሚያቋርጣት ወንዝ ከኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሥር የሚመነጭ፣ ከጥራቱ የተነሣ ጠጠሩ የሚቈጠር ውሃ ነበረ። በውስጡም ትራውት የሚባለው ዓሣ ይኖራል፤ ይኸውም ጐኑ በቀይና በጥቁር ነጥብ የተዥጐረጐረ፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካልሆነ በቀር የማይስማማው ዓሣ ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ስለ ተለቀቀ በአገራችንም የሚያውቁት አሉ። የወንዙ ዳርና ዳር የአንድ ባለጸጋ ርስት ስለ ነበረ፣ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ በየዛፉ ተቸንክሮ ይታይ ነበር።

በዚያ አገር ሕግ፣ በወንዝ የሚዋኝ ዓሣ እስኪያዝ ድረስ የማንም ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን የባሕር ሙላት በማይደርስበት ወንዝ ዓሣውን የመያዝ መብት የባለ ርስቱ ነው። በወዲያና በወዲህ ሁለት ባለ ርስቶች ቢኖሩ፣ ለእያንዳንዱ እስከ ውሃው መካከል ድረስ ይደርሰዋል። ይህን መብት ለመጠበቅ ከወጡት ሕጎች አንዳንዶቹ እጅግ የጨከኑ ነበሩ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1723 የወጣው ሕግ፣ መሣሪያ ይዘው ፊታቸውንም ጥላሸት ቀብተው ከወንዝ ዓሣ የሚሰርቁትን በሞት ይቀጣ ነበር፤ የተሻረውም ከ100 ዓመት በኋላ በ1820ዎቹ ነው። በ1968 የወጣው የስርቆት ሕግ ቀለል ያለ ሲሆን፣ ቀንን ከሌሊት ይለያል። ቀን በመንጠቆ ያጠመደውን በትንሽ መቀጮ ብቻ ያልፈዋል፤ በሌሊት የያዘውን ግን አክብዶ ይመለከተዋል። ቀን የሚለውም ፀሐይ ከመውጣቷ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከገባች 1 ሰዓት በኋላ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው።

በተቀመጥሁበት ቤት አንድ ጐልማሳ መካኒክ አብሮኝ ይኖር ነበር። ደመወዙ የሚበቃው፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ ለእንግዳም ርኅሩኅ ሰው ነበረ። በነሐሴ ወር፣ በጾመ ፍልሰታ መካከል፣ በአንድ ምሽት ወደ ወንዙ አብሬው እንድወርድ ጠየቀኝ። ክልክል መሆኑን ባስታውሰው ሣቀና፣ «ዓሣውን ባለ ርስቱ አልፈጠረው፤ ቀልቦም አላሳደገው። ወንዙስ ከላይ መጥቶ ወደ ታች የሚሄድ መንገደኛ አይደለምን? መንገደኛን ርስት ያደረገው ማን ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ መልስ ማጣቴንም እንደ ፈቃድ ቈጥሬ ተከተልሁት።

ጨረቃ አልነበረችም። አጥሩን ተሻግረን በአኻያ ዛፍ ሥር ደረስን። ጓደኛዬ በደረቱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ በውሃው ውስጥ ከሥሮቹ በታች አስገባ። በዚያ አገር የቆየ ብልሃት አለ፤ ዓሣው በተሸሸገበት ሥፍራ እጅ ቀስ ብሎ ከሆዱ በታች ይገባና በጣት ጫፍ እየዳሰሰ ወደ ስንጥቡ ይጠጋል፤ ዓሣውም የውሃው ፍሰት የነካው መስሎት ዝም ብሎ ይቆማል። በመጨረሻ እጁ ድንገት ይጨብጥና ወደ ዳር ይወረውረዋል። በዚህ ዓይነት ሦስት ዓሣ ወጣ። እኔ ከረጢቱንና የተሸፈነውን መብራት ይዤ ነበር። ለእራታችን በቃ ብዬ ስነሣ፣ እርሱ ከካፖርቱ ውስጥ መረብ አውጥቶ ከወፍጮው ግድብ በታች ወዳለው ጥልቅ ውሃ ሄደ። ከዚያም ስምንት ጨመረ። «እነዚህን ነገ ለምግብ ቤት እሸጣቸዋለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። በዚያን ጊዜ ውሻ ጮኸ፤ የጠባቂውም መብራት ከሩቅ ታየ። ሁለታችንም በሳማ መካከል በግንባራችን ተደፋን። ፊቴ እየተቃጠለ እስትንፋሴን ይዤ መብራቱ እስኪያልፍ ድረስ ጠበቅሁ።

ቤት ገብተን ዓሣው ሲጠበስ አንድ ጭንቀት ያዘኝ። አንባቢ ሆይ፣ ጭንቀቱ ምን ይመስልሃል? ዓሣ ጾምን ይገድፋል ወይስ አይገድፍም የሚለው ክርክር ነበረ! መምህራኖቼ ያሉትን ሁሉ በልቤ አወጣሁ፤ አወረድሁ። በመጨረሻም ለሆዴ ከሚስማማው ወገን ሆኜ አንዱን በላሁ። «ይህ ዓሣ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ሌሊት በአእምሮዬ አላለፈም። ትንኝን አጥርቶ ግመልን ስለ መዋጥ ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ ምናልባትም ለሌሎች አስተምሬ፣ ግመሉ በእኔ ጕሮሮ ሲያልፍ አልታወቀኝም።

በማግሥቱ ዳቦ ልገዛ ስገባ፣ በግድቡ ዳር የመረብ ዱካና የዓሣ ቅርፊት መገኘቱን ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ሌባውንም ዐውቀውት ነበር፤ በድልድዩ አጠገብ የምትኖረው የድኻዪቱ መበለት ልጅ ነው አሉ። ይህ ልጅ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አንድ ዓሣ ይዞ ተገኝቶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ የጠፋው ሁሉ በእርሱ ላይ ይቈጠር ነበር። እኔ ዳቦዬን ተቀብዬ ዝም ብዬ ወጣሁ። የሳማው ቃጠሎ ከፊቴ አልጠፋም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሌላ ቃጠሎ ተጨመረበት።

እንግዲህ የጓደኛዬን ምክንያት እንመርምር። መጀመሪያ መመስከር የሚገባን፣ በምክንያቱ ውስጥ ታላቅ እውነት መኖሩን ነው። ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር መሆኗን ዘወትር በመዝሙር እንጸልያለን። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስም በጎተራው ላይ ጎተራ ስለሚሠራው ባለጸጋ ሲያስተምር፣ ተርፎ የተቀመጠው እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ መሆኑን ገልጾ ተናግሯል። ስለዚህ ሁሉን አጥሮ ለተራበ ጎረቤቱ የማያካፍል ባለ ርስት፣ በሰው ሸንጎ ቢረታ በእግዚአብሔር ሸንጎ እንደሚረታ እርግጠኛ አይሁን። በአንድ ዓሣ ምክንያት የሰውን ነፍስ ያጠፋ የነበረ ሕግም፣ ሕግ በመባሉ ብቻ ጽድቅ አልሆነም።

ሁለተኛው ግን ይህ ነው፤ ያ እውነት ባለቤት አለው። ባለቤቱም የተራበው ሰው ነው። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ የተሠራውን ሥርዓት እናስብ። መንገደኛ በባልንጀራው የወይን ቦታ ሲያልፍ እስኪጠግብ ድረስ እንዲበላ ተፈቅዶለታል፤ በዕቃ ይዞ እንዲሄድ ግን አልተፈቀደለትም። ከእርሻው እሸት በእጁ ይቀጥፋል፤ ማጭድ ግን አያነሣም። በዚህ ሥርዓት የባለ እርሻው ድካም አልተናቀም፤ የመንገደኛውም ረኃብ አልተዘነጋም። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ከረጢትም መረብም ይዘን ነበር። ከረጢቱ ዕቃ ነው፤ መረቡም በውሃ ውስጥ የሚታጨድበት ማጭድ ነው። ደግሞም ሁለታችንም እራት በልተን ነበር የወጣነው። የሂጶኑ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ሄዶ የሰው ፍሬ እንደ ሰረቀ፣ ይህንም ያደረገው ሳይራብ እንደ ነበረ፣ ፍሬውንም ለዐሣማ እንደ ጣሉት በኑዛዜው ጽፏል። እኔንም ወደ ወንዙ ያወረደኝ ረኃብ አልነበረም፤ የተከለከለው ነገር ጣዕም ነበረ እንጂ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል የአገራችን ሰው። እኛም ሳንራብ የተራበውን ሰው ምክንያት ተበደርን። ብድሩም ያለ ዕዳ አልቀረም። ጠግቦ ሳለ በድኻ ስም የሚሰርቅ ሁለት ሰው ይሰርቃል፤ ከባለጸጋው ዓሣውን፣ ከድኻው ደግሞ ምክንያቱን። ምክንያቱ በጥጋበኞች እጅ ከረከሰ በኋላ ድኻው በእውነት ተርቦ ሲናገር የሚያምነው አያገኝም። እንዲያውም እኛ የሠራነው በእርሱ ላይ ይቈጠርበታል። የመበለቲቱ ልጅ የደረሰበት ይህ ነበረ። እርሱ አንዱን ዓሣ ሲይዝ ቤቱ ምን እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኛ ዐሥራ አንዱን ስንይዝ ግን ስሙ ተጠራ።

ሦስተኛው የሌሊቱ ነገር ነው። ሌሊት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነው፤ ሐዋርያትም በሌሊት ያጠምዱ ነበር። ጨካኝ ሕግ ያስጨነቀው ድኻም በጨለማ ቢሸሸግ እንፈርድበት ዘንድ አይገባንም። ነገር ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን የምንመረምርበት አንድ ፈተና አለ፤ ለጓደኛዬ የምነግረውን ምክንያት ለጠባቂው ፊት ለፊት፣ በቀን፣ ልነግረው እችላለሁን? ጓደኛዬ «ዓሣው የሁሉ ነው» የሚለውን ከልቡ ቢያምን ኖሮ፣ በቀን ወደ ባለ ርስቱ ደጅ ሄዶ ለመንደሩ ድኾች በተከራከረ ነበር። በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር መብት ባለቤቱ ራሱ ያላመነበት መብት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ለጓደኛዬ ወደ ጠባቂው ልሄድ መሆኔን ነገርሁት። ተቈጣ፤ ስሙን እንዳልጠራም አስማለኝ። እኔም የራሴን ብቻ ይዤ ሄድሁ። ጠባቂው አረጋዊ ነበሩ። ከረጢቱን የያዝሁት እኔ መሆኔን፣ የመበለቲቱም ልጅ ከነገሩ ንጹሕ መሆኑን ነገርኋቸው፤ የዐሥራ አንዱንም ዓሣ ዋጋ በጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱኝና፣ «አንተ ስንት በላህ?» አሉኝ። «አንድ» አልሁ። የአንዱን ዋጋ ለይተው ለጌታቸው እንደሚያደርሱ ነግረውኝ የቀረውን መለሱልኝ። «የሌላውን ሰው ዕዳ አንተ ከፍለህ አታሳርፈው» አሉ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ እኔን ከደጃፍ ትተው፣ ወደ ድልድዩ ወደ መበለቲቱ ቤት አቀኑ።

ወደ አገሬ በተመለስሁ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ለንስሓ አባቴ ተናዘዝሁ። ብዙውን ንግግሬን ያጠፋሁት ስለ ጾሙ ነበር። እርሳቸው ግን እስክጨርስ ታግሠው ካዳመጡ በኋላ፣ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ ጾሙም ስለ ዓሣውም አልነበረም። «ልጁ ስሙ ተመለሰለትን?» አሉኝ።

ዘኬዎስ ከበደለው አራት እጥፍ እንደሚመልስ ለጌታችን በተናገረ ጊዜ፣ ገንዘቡን ያሰበው ሰዎቹን በማሰብ ነው። ገንዘብ ይመለሳል፤ በእኛ ምክንያት በድኻ ላይ የወደቀ ሐሜት ግን ካልፈለግነው በቀር ከወደቀበት አይነሣም። ስለዚህ ካህናትም ምእመናንም ሁላችን፣ በእጃችን ያለው ነገር ከየት እንደ መጣ ስንመረምር፣ በእርሱ ምክንያት የማን ስም እንደ ጠፋም አብረን እንጠይቅ። ይህንም የምንፈጽምበትን ልብ እግዚአብሔር ይስጠን፤ አሜን።