የጠፈሩ ባለቤት ማን ነው?
ከድሬዳዋ ወጥቶ ሐረር ጀጎል የገባ መንገደኛ የራምቦን ቤት ሳያይ አይመለስም፤ የእንጨት ፎቅ ነው፥ ጠፈሩም በቀለም ያጌጠ። ጠፈር በግእዝ የሰማይም ስም ነውና፥ ባለጸጋ ቤቱን ሲያስጌጥ ለራሱ ሰማይ ያበጃል፤ በፋርስ አገር በሺራዝ የቀዋም ቤተ ሰብም በ19ኛው መቶ ዓመት እንዲሁ አድርጓል።

ነገር ግን የሐረሩን ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ከሐረር በ1883 ዓ.ም. ወጥቶ፥ በ1884 ዓ.ም. በማርሴይ ሞተ፤ ቤቱም የታነጸው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ገንዘቡን ያፈሰሰውና ቀለሙን የቀባው ወደ ኋላ ቀርተው፥ ቤቱ ባልኖረበት ሰው ስም መጠራቱ ፍትሕ ነውን? ዝነኛ ስም እንግዳ ይጠራል፥ እንግዳም ቤቱን ከመፍረስ ያድናል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፥ ዕዳው ግን በዚህ አይሰረዝም። ስሙን መለወጥ ቢያስቸግር እንኳ፥ እንግዳው ቀና ብሎ ጠፈሩን ሲያይ አስጎብኚው ከባለቅኔው አስቀድሞ ነጋዴውን ያንሣለት።