ድሪቶ ወይስ ስጦታ?

የተረፈንን ነገር ለሌላ ሰው መስጠት ፍቅር ነው ወይስ ዕቃ ማራገፍ? ጥያቄው ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ አንዲት እናት ከአልጋቸው ሥር ያስቀመጡትን ጥቅልል እስካይ ድረስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምት ሊገባ ሲል እዚህ አሰላ የወጣቶች ኅብረታችን አንድ መልካም ሐሳብ አሰበ። ከጭላሎ የሚወርደው የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ብቻውን ለሚኖር አረጋዊ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። በየበረንዳው መኪናቸውን ዘርግተው ከሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ዞረን ሁለት ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመንን። በሁለት ቅዳሜ ገጣጥመን ሰፋነው፤ ከሥሩ ገበር፣ ከመካከሉ ጥጥ አድርገን አንድ ብርድ ልብስ አወጣን። ከዚያም ዘምረን፣ ጸልየን፣ ፎቶ ተነሥተን ለአንዲት እማማ ወሰድንላቸው። እሳቸውም መርቀውን ተቀበሉ።

በወሩ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ የለም። ስንጠይቃቸው ከአልጋው ሥር ጎትተው አወጡት። "አንዴ ባጥበው ተኮማተረብኝ" አሉ። ቀዩ ጨርቅ ቀለሙን ነጩ ላይ ለቋል። አንዱ ቁራጭ ሲሰበሰብ ጎረቤቱ ባለበት ቀርቶ ስፌቱ ተተርትሯል። ጥጡም ሸሽቶ አንድ ጥግ ተከማችቷል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደግሞስ ልጆቼ፣ ድሪቶ ለብሳ ታድራለች እንዳልባል ፈራሁ" አሉን።

ድሪቶ! በቋንቋችን ቃሉ የጨርቅ ስም ብቻ አይደለም፤ የድህነት ስም ነው። የማይያያዝ ጽሑፍን እንኳ "ድሪቶ" ብለን እንንቃለን። እኛ ፍቅር ይዘን የሄድን መስሎን ነበር፤ ለእሳቸው ግን የደረሳቸው የሚደበቅ ነገር ነው። በጣም ያሳፈረን ደግሞ ቀጥሎ የሰማነው ነው። እማማ በወጣትነታቸው ስፌት ያውቁ ኖሯል። ማን ጠየቃቸው?

ያን ዕለት መርፌና ክር አስመጥተው አስተማሩን። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል፤ የሚሰበሰበው ይሰብሰብ፣ የሚለቅም ቀለም ይልቀቅ። ጥጥ ከጥጥ ጋር ይሰፋል እንጂ ከፖሊስተር ጋር አይደባለቅም፤ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው አይከተለውምና። ቁራጮቹ በአንድ የካርቶን ልክ ይቆረጣሉ። ስፌቱም ከጫፍ እኩል ርቀት ይጠብቃል፤ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብንሳሳት፣ 20 ስፌት ላይ ስንደርስ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በመጨረሻም ጥጡ እንዳይሸሽ፣ ላዩን፣ ጥጡንና ገበሩን አንድ ላይ ወግቶ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በክር መቋጠር ያስፈልጋል።

ይህን ስሰማ የጌታ ምሳሌ ትዝ አለኝ። በማቴዎስ 9፥16 ያልታጠበ አዲስ እራፊ በአሮጌ ልብስ ላይ ሲጣፍ ቀዳዳው እንደሚብስ ይናገራል። ጌታ ያስተማረው ስለ ስፌት አይደለም፤ እርሱ ያመጣው አዲስ ሕይወት የአሮጌው መጣፊያ አለመሆኑን ነው። ሆኖም ምሳሌው እውነት የሆነው የጨርቁ ነገር እውነት ስለሆነ ነው። እኛ ምሳሌውን ስንት ጊዜ ሰብከናል! ጨርቁን ለማጠብ ግን አላሰብንም።

ታዲያ ከቁርጥራጭ መሥራቱ ራሱ ስህተት ነበር? አይመስለኝም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የባሮች ልጅ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው ካረጀ የሥራ ልብስ "ክዊልት" የሚሉትን ባለ ቁራጭ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ቤታቸው ብርድ ነዋ። በ1942 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት የሞተ ባሏን የሥራ ልብሶች ቀዳ፣ እርሱን የምታስብበት ብርድ ልብስ ሰፋች። በ2002 እ.ኤ.አ. የመንደሯ ሥራዎች በትላልቅ ሙዚየሞች ታዩ፤ በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቤት በቴምብር አተማቸው። ጨርቁ ያለቀለት ነበር፤ ሥራው ግን ድሪቶ አይደለም። ሚዙሪ የሰፋችው ለገዛ ቤቷ፣ ከምትወደው ሰው ልብስ ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጨርቁ ትርፍራፊ ሊሆን ይችላል፤ ልባችን፣ ጊዜያችንና ጥንቃቄያችን ግን ትርፍራፊ መሆን የለበትም። ዳዊት በ2ኛ ሳሙኤል 24፥24 ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር አላቀርብም ያለው ለዚህ ይመስለኛል። በሐዋርያት ሥራ 9 ላይም ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ የሠራችላቸውን ልብስ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩታል። ልብሱን ይዘው ሊያሳዩ የቻሉት ስላላፈሩበት ነው። የእኛን ስጦታ ግን እማማ ከአልጋ ሥር ደበቁት።

አንዳንዶቻችሁ፣ "የበረደው ሰው ያገኘውን ይለብሳል፤ ለስፌት ጥራት መጨነቅ ቅንጦት ነው" ትሉ ይሆናል። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው፣ አዎን፣ በእጅ ያለው ሁሉ ይሰጥ። እኛ ግን ጊዜ ነበረን። የቸኮልነው ለእማማ ብርድ አልነበረም፤ ለፎቶው ነበር። ይህን መናዘዝ አለብኝ፤ አስተማሪያቸው እኔ ነበርኩና።

ሁለተኛውን ብርድ ልብስ እማማ አብረውን ሰፉት፤ ቀለሙን መረጡ፣ ያጣመምነውንም አስፈቱን። ስድስት ቅዳሜ ፈጀብን። አንዱ ጥግ አሁንም ጠማማ ነው፤ የእኔ እጅ ሥራ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ግን አልጋቸው ላይ ተዘርግቷል፤ እንግዳ ሲመጣም አያነሡትም።

በሚቀጥለው ጊዜ በኅብረታችሁ "ለችግረኛ ልብስ እንሰብስብ" ስትባሉ፣ እያንዳንዱን ልብስ ከማኖራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ለእናቴ አለብሳታለሁ? ደግሞ ከዚያ በፊት፣ የምትሰጡትን ሰው ስሙን ጠይቁ፤ የሚያውቀውንም ጠይቁ። ምናልባት መርፌ አያያዝ የሚያስተምራችሁ እርሱ ይሆናል።