ቁጥሩ እውነት፣ ወሬው ውሸት



«እዚህ ቦታ ይህን ያህል ቶን ወርቅ ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ስልካችሁ ላይ ይደርሳል። የዛሬው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ተናጋሪው ግን ሊዋሽ ይችላል ወይ?

መሬት ውስጥ ያለን ወርቅ ማንም ቆጥሮት አያውቅም። ጂኦሎጂስቱ ቀጫጭን ጉድጓዶች ይቆፍራል፣ የወጣውን ድንጋይ ላብራቶሪ ይልካል፣ በአንዱና በሌላው ጉድጓድ መካከል ያለውን ግን በስሌት ይሞላዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1989 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣው ጆርክ የተባለው ደንብ ግምቱን በእርግጠኝነቱ መጠን ደረጃ ይሰጠዋል። ጉድጓዶቹ ተራርቀው መረጃው ከሳሳ «የተገመተ»፣ ተቀራርበው የማዕድኑ አካሄድ መታየት ከጀመረ «የተመላከተ»፣ ጥርጣሬው በጣም ከጠበበ «የተለካ» ይባላል። «የተገመተውን» ይዞ ክምችት አለኝ ማለት አይፈቀድም። ከሌሎቹ ሁለቱም ቢሆን «ክምችት» የሚባለው ወጪውን ሸፍኖ ሊወጣ የሚችለው ብቻ ነው።

ምዕራብ ወለጋ ያለውን ቱሉ ካፒን ውሰዱ። የብሪታንያው ኬፊ ኩባንያ ያወጣው የሀብት ግምት 1.72 ሚሊዮን አውንስ፣ ማለትም 53 ቶን ተኩል ገደማ ነው። በክምችትነት የመዘገበው ግን 1.05 ሚሊዮን አውንስ፣ 33 ቶን ገደማ። እሱም ቢሆን የተመዘገበው «የተረጋገጠ» ተብሎ ሳይሆን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ «ሊሆን የሚችል» ተብሎ ነው። አንዱ ተነስቶ «ቱሉ ካፒ ላይ 53 ቶን ወርቅ ሊወጣ ነው» ቢላችሁ፣ ቁጥሩ ላይ አንድ ግራም አልጨመረም። የጣለው ደረጃውን ነው። እኔ ይህን ውሸት እለዋለሁ፤ ያውም ቁጥር ከመፍጠር የሚከፋ። የፈጠራ ቁጥር ሲጣራ ይጋለጣል፣ ይሄኛው ግን ብትፈልጉት ሰነዱ ላይ እዚያው ቁጭ ብሏል። ይህን ሰምቶ የእቁብ ብሩን አክሲዮን ላይ ያዋለ ልጅ «ተታለልኩ» ቢል ማን ይሰማዋል?

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዑለሞቻችን የቂንን ከዘን፣ ዘንን ከሸክ ለይተው ያስቀምጣሉ። ዶዒፍ ሐዲስን ደረጃውን ደብቆ እንደ ሶሒሕ ማቅረብ፣ ከቃሉ አንድ ፊደል ባይለወጥም ነውር ነው። (ይህን አሳምሮ የሚያውቅ ደረሳ «ሼር አድርጉት» ሲባል ሲረሳው አያለሁ፤ ሱብሃነላህ!)

በሌላ በኩል ደግሞ «የቂን ካልሆነ ትንፍሽ አልልም» ማለት አለ። ወረዕ ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከአዳማ በሞጆ አድርጋችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ፣ ባቱን እንዳለፋችሁ በስተግራ ያለው ተራራ አሉቶ ነው። እንፋሎቱን እረኛም ያየዋል። ከሥሩ መብራት የሚያመነጭ ሙቀት መኖሩ ግን መጀመሪያ ላይ ግምት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የጠለቁም ነበሩባቸው። ሁሉም ለምርት አልበቁም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመረቀው ጣቢያም አቅሙ 7.3 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ቢሆንም «እንገምታለን፣ ገና አላረጋገጥንም» ብሎ የተናገረ ባይኖር ኖሮ፣ መሰርሰሪያውን ወደዚያ ተራራ የሚያወጣ አይገኝም ነበር።