ጭሱ በውኃ ቢያልፍስ?



ባለፈው ጁምዓ ከሰላት በኋላ አንድ የሰፈሬ ወጣት ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ እኛ ሐሺሽ ጠቅልለን አናጨስም፤ በሺሻ ነው የምንስበው። ጭሱ በውኃ ሲያልፍ አይሻልም?» አለኝ። ጓደኛውም «እኔማ በኬክ ነው የምበላው፤ ጭስም የለው» ሲል አከለ።

በጤናው በኩል እንኳ ብናየው፣ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። የሚጨሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ላይ ይወጣል። የሚበላው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይዘገያል፤ የበላውም «አልያዘኝም» ብሎ ይጨምራል፤ ከዚያ ለሰዓታት አይለቀውም። መንገዱ ይለያያል፤ መድረሻው ግን አንድ ነው፦ ዐቅል።

ዑመር (ረ.ዐ.) በሚንበር ላይ ሆነው ኸምር ማለት ዐቅልን የሚሸፍን ሁሉ መሆኑን አስረድተዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ብዛቱ የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን አስተምረውናል። በ1328 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኢብኑ ተይሚያ ሐሺሽ ሐራም መሆኑን ሲጽፉ፣ በዘመኑ ሐሺሽ በአብዛኛው የሚበላ ነበር። ኬኩ እንግዲህ አዲስ ማምለጫ አይደለም።

ውኃ ነጃሳን ያጥባል፤ ሐራምን ግን ሐላል አያደርግም።

ይህን ነገርኳቸው እንጂ አልተቆጣኋቸውም። መጠየቃቸው ልባቸው ገና ሕያው መሆኑን ያሳያል። እኛ ታላላቆቻቸው በመስጂድ ደጃፍ ፊታችንን ካጠቆርንባቸው፣ ፈገግ ብሎ የሚቀበላቸው የሺሻው ቤት ነው። ያን ጊዜ ተጠያቂዎቹ እነሱ ብቻ ይሆናሉን?

አላህ ዐቅላችንንም ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።