መርከቧ ያወረደችህ ቦታ

 

ጎበሳ ከባሕር የራቀች ደጋ ናት። ስንዴና ገብስ እንጂ መርከብ አይታይባትም። የብዙዎቻችን ልብ ግን ወደብ ላይ ነው። "ዐረብ አገር ልግባ እንጂ ያኔ ሰላቴን እይዛለሁ"፣ "አዲስ አበባ ልሂድ እንጂ ያኔ ቁርኣን እቀራለሁ" እንላለን። እዚህ የምናሳልፈው ዕድሜ የማይቆጠር ይመስለናል። ሪያድ ያለችው እህታችንም "አገሬ ስገባ" ትላለች። እኛም እሷም እየጠበቅን ነው።

ኢማሙል ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ዱንያን መርከብ ለአጭር ጊዜ ከቆመችባት ደሴት ጋር አመሳስለዋታል። ጉዳዩን ጨርሶ ቶሎ የተመለሰ ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ በደሴቷ ውበት ተማርኮ መርከቧን የረሳ ግን እዚያው ይቀራል። ይህን ምሳሌ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ዛሬ ሌላኛውን ስህተት እንይ፦ "ይሄ መድረሻዬ አይደለም" ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠውን።

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ከሃምሳ ከሚበልጡ ወገኖቻቸው ጋር ከየመን በመርከብ ተነሱ። ሐሳባቸው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መሄድ ነበር። መርከቧ ግን ሐበሻ ምድር ላይ ጣለቻቸው። እዚያ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አገኙ። ጃዕፈርም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እዚህ እንድንቆይ አዘውናልና እናንተም ከእኛ ጋር ቆዩ አሏቸው። እነሱም ቆዩ። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ያገኟቸው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር ድል በተደረገ ጊዜ ነው። በድርም ኡሑድም አልፏቸዋል።

መዲና እንደገቡ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የጃዕፈርን ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) በሂጅራ ቀድመናችኋል አሏት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከረሱል ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችኋል፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችኋል፤ እኛ ግን በሩቅ አገር ነበርን አለች። ነገሩንም ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች። እሳቸውም ለዑመርና ለባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። የመርከቧ ሰዎች ይህን ሐዲስ ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡላት ነበር። ከዱንያ ነገር ይህን ያህል ያስደሰታቸው አልነበረም።

አስተውሉ! እነሱ "ዘገየን፣ አመለጠን" ያሉት ዘመን አላህ ዘንድ አንድም ቀን አልጠፋም። ለምን? ሐበሻ ሳሉ ዲናቸውን ይዘው፣ ልጆች አሳድገው፣ ታግሰው ኖሩ። አብዱላህ ኢብን ጃዕፈር የተወለደው በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ! በሐላል መንገድ መጓዝ ነውር አይደለም። ነውሩ ጉዞው እስኪሳካ ሰላትን ማቆየት ነው። መልአክ የሥራህን የሚጽፈው ቪዛህ ሲመጣ ጀምሮ አይደለም። የዛሬዋ ዐስር ጎበሳ ላይ ትሰገዳለች። የእናትህ ዱዓ ዛሬ ቤት ውስጥ ነው። የተጣላኸው ጎረቤት እዚሁ መንደር አለ።

እስከሚቀጥለው ጁሙዓ "ስሄድ" ብለን ካቆየነው አንዱን እንጀምር። መርከቧ ስትጠራንም ባዶ እጃችንን አንሳፈርም።

አላህ ባለንበት የሚጠቅመንን ሥራ ያግራልን፣ ከሩቅ ያሉትንም ይጠብቅልን። አሚን! በነቢያችን ላይ ሶለዋት እናብዛ።